ዶሮዋ የማን ናት?
(ስለ ጓሮ ዶሮና ስለ ጓሮ አትክልት በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ አይቻለሁ። አልፈርድባችሁም። በዚህ አዳራሽ ስለ ሕግ፣ ስለ አፍሪካ አንድነት፣ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ሳይንስ ሲነገር መስማት ለምደናል። ስለ ዶሮና ስለ ጎመን መናገር ግን ለእናቶች የተተወ፣ ያውም በምድጃ ዙሪያ የሚወራ ነገር ይመስላል። እኔ ይህን ርእስ የመረጥሁት ሌላ አጥቼ አይደለም። በዶሮ ምክንያት የሠራሁት አንድ ስሕተት ስላለ፤ ስሕተቱም የእኔ ብቻ ሳይሆን የተማርን ሰዎች በየጊዜው የምንሠራው መስሎ ስለታየኝ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከገጠርና ከትንንሽ ከተሞች ከመጣነው መካከል የመጀመሪያ ደብተሩ በእንቁላል ዋጋ ያልተገዛለት ስንት ሰው ይገኛል? እጃችሁን አውጡ አልላችሁም፤ እያንዳንዱ በልቡ ይቍጠረው።

የራሴን ልናገር። ያደግሁት ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ነው። መስከረም በጠባ ቍጥር እናቴ እንቁላሉን በቅርጫት ውስጥ በጭድ ደልድላ ገበያ ትወርዳለች፤ ማታ ስትመለስ በዚያው ቅርጫት ደብተር፣ እርሳስ፣ ጨውና ሳሙና ይዛ ትገባለች። አባቴም እህል ይሸጣል፤ ሲቸግር በሬ ይሸጣል። ነገር ግን ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ለማዳበሪያ፣ ለግብር፣ ለሠርግና ለተዝካር ይውላል። ለደብተር በሬ አይሸጥም። ልጅ በድንገት ሲታመም፣ እንግዳ ሳይታሰብ ሲመጣ፣ የትምህርት ቤት መዋጮ ሲጠየቅ፣ በዚያን ሰዓት ቤቱን ከኀፍረት የምታድነው ከቆጥ ላይ የምትወርደው ዶሮ ናት። ስለዚህ በባንክ ቤት ደብተር የሌላት እናቴ ባንኳ ከጓሮዋ ነበረ።

ያ ጓሮ ስፋቱ ከዚህ አዳራሽ አይበልጥም። ከማጀቱ በር ሲወጡ በስተቀኝ የሐበሻ ጎመን መደብ አለ፤ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ድንች፤ ባጥሩ ሥር ዱባ፤ ጥግ ጥጉን ጤና አዳም፣ በሶብላና ኮሰረት፤ በመጨረሻም ሁለት እግር ጌሾ። ዶሮዎቹ ዘጠኝ ነበሩ፤ ስድስት እንቁላል ጣዮች፣ ሁለት ቄቦችና አንድ ቀይ አውራ ዶሮ። ቀን በደጁና ባውድማው ሲጭሩ ይውላሉ፤ ሲመሽ ከቤት ገብተው ከቆጣቸው ላይ ይሰፍራሉ።

ዶሮና ጎመን በጠባያቸው ጠበኞች ናቸው። ዶሮ ለስላሳ አፈር ካየች አትምርም፤ ትናንት የተተከለውን ችግኝ ዛሬ ሥሩን ለፀሐይ ታሰጣዋለች። ስለዚህ እናቴ ችግኙ ሥር እስኪሰድ ድረስ መደቡን በእሾህ ትከልለዋለች። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱን ታስታርቃቸዋለች። ትል የበሳው የጎመን ቅጠል ለዶሮ ይጣላል። ከቆጡ ሥር የሚጠረገው ኩስ ደግሞ ከአመድና ከገለባ ጋር በጉድጓድ ተጠራቅሞ፣ ወራት ቆይቶ ከበሰለ በኋላ ወደ ጎመኑ ይመለሳል። ትኩሱን ኩስ በተክል ሥር ማድረግ በቤታችን ክልክል ነበር፤ «ያቃጥለዋል» ትላለች። እኔ የዚህን ነገር ምክንያት ኋላ በክፍል ውስጥ ስለ አሞኒያ ስማር ዐወቅሁት። እርሷ ግን ምክንያቱን ሳትማር ሥራውን ትሠራው ነበር።

እናቴ ማንበብና መጻፍ አልተማረችም። የእንቁላል ሒሳቧን ግን ማንም አይስትባትም። የትኛዋ ዶሮ መቼ መጣል እንደ ጀመረች፣ የትኛዋ ጫጩቶቿን አጥብቃ እንደምትጠብቅ፣ የትኛዋ እንቁላሏን እየሰበረች እንደምትበላ ለይታ ታውቃለች። እንቁላሉን በሦስት ትከፍለዋለች፤ ለገበያ፣ ለማሳቀፊያና ለቤት። በሁዳዴ ጾም 55 ቀን እንቁላል የሚበላው ሰው ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ይወድቃል፤ እርሷ በዚያ ወራት ከመሸጥ ይልቅ ታሳቅፋለች። ወራቱ በጋ ስለሆነ ጫጩቶቹ ብርድና እርጥበት አይነካቸውም፤ ክረምቱ ሲገባም ጠንከር ብለው ይቆያሉ። ኮርማ ኮርማውን ለፋሲካና ለእንቍጣጣሽ ታቆያለች፤ ያን ጊዜ ቀይ አውራ ዶሮ ያለው ሰው ዋጋ ይቈርጣል እንጂ አይቈረጥበትም። ሰኔ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ያረጁትን ሸጣ ቍጥራቸውን ትቀንሳለች፤ ፈንግል የሚመጣው በዝናቡ መግቢያ ነውና። እንግዲህ ይህን የመሰለውን አሠራር በመጽሐፍ ላይ ብናገኘው የእርባታ ዕቅድ ብለን እናጠናው ነበር። በእናታችን እጅ ስላየነው ልማድ አልነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የእንስሳት ጥናት ያገራችን ዶሮ ወደ 57 ሚሊዮን ይጠጋል፤ ከአምስቱ አራቱ ያህል ያገር ዶሮ ነው። ያገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። በመልካም ቤትና በተመጣጠነ መኖ የምትያዝ የውጭ ዘር ግን ከ250 በላይ ትጥላለች። ይህን ያነበበ ተማሪ ያገሪቱን ዶሮ መናቁ አይቀርም፤ እኔም ንቄአለሁ።

ነገር ግን ቍጥሩ እንዴት እንደ ተገኘ እናስብ። ያገር ዶሮ ሦስትና አራት ሳምንት ያህል ትጥልና ከ12 እስከ 15 እንቁላል ስታጠራቅም መታቀፍ ይጀምራታል። 21 ቀን ትታቀፋለች። ከዚያ ሁለት ወር ያህል ጫጩቶቿን ይዛ ትዞራለች፤ ትመግባለች፤ በክንፏ ታሞቃለች፤ ከጭልፊት ጋር ትጣላለች። አንዱ ዙር ከመቶ ቀን በላይ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ በዓመት ሦስት ዙር ያህል ቢሆንላት ነው። የውጭዋን ዘር ከመታቀፍ ሥራ ያሳረፏት ሰዎች ለማስፈልፈያው መኪና፣ ለማሞቂያው መብራት፣ ለመኖውና ለሠራተኛው የሚከፍሉት ዋጋ አለ። ያገሪቱ ዶሮ ግን እንቁላል ጣይም፣ መፈልፈያም፣ ሞግዚትም ራሷ ናት፤ ምግቧንም ራሷ ጭራ ታገኛለች። በእንቁላል ቍጥር ብቻ ስንመዝናት ሦስት ሥራ የሚሠራውን ሰው በአንዱ ደመወዝ እንደ መመዘን ይሆንብናል።

የውጭ ዘር ወደ አገራችን መግባት የጀመረው ትናንት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት በጅማና በዓለማያ የነበሩት የእርሻ ትምህርት ቤቶች ሮድ አይላንድ ሬድና ዋይት ሌግሆርን የመሳሰሉትን አስመጥተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዐይነት ዘር ገብቷል። በከተሞች ዙሪያ መኖና ሐኪም በቅርብ የሚያገኙ ሰዎች ብዙ ተጠቅመውበታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ወደ ራቀው መንደር ሲደርስ ግን ዘሩ ብዙ ጊዜ ሳይሰነብት ቀርቷል። ለምን ይሆን? ከብዙዎቹ ምክንያቶች አንዱን እኔ በራሴ ቤት አየሁት።

በሁለተኛ ዓመት ትምህርቴ የጥር ዕረፍት ሲሰጠን ወደ ቤት ሄድሁ። ማስታወሻ ደብተሬ በቍጥር ተሞልቶ ነበር። ማታ ከአባቴ ጋር መደቡ ላይ ተቀምጠን ነገሩን አስረዳሁት። «አባባ፤ እነዚህ ዘጠኝ ዶሮዎች ተሸጠው፣ ጥቂት ተጨምሮበት፣ ለመጣል የተቃረቡ 20 የውጭ ዘር ቄቦች ቢገዙ የእንቁላሉ ገንዘብ ከእህሉ ይበልጣል» አልሁት። አባቴ የተማረ ልጅ በማግኘቱ ደስ አለውና ተስማማ። እናቴ በዚያው ቤት ውስጥ ቡና ታፈላ ነበር። ስለ እርሷ ዶሮዎች ያን ያህል ሰዓት ስንነጋገር አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብዬ አላየኋትም። እርሷም ቡናውን ቀድታ ሰጠችን እንጂ አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝምታዋን እንደ ስምምነት ቈጠርሁት።

ዶሮዎቹ ተሸጡ። ለዶሮ ቤቱ ቦታ ሲፈለግ የጎመኑ መደብ እኩሌታ ፈረሰ። ቄቦቹ መጡ፤ በየካቲት መጣል ጀመሩ። በውነትም ጣሉ! ነገር ግን እኔ በሒሳቤ ያላገባሁት ሁዳዴ ገባና የእንቁላሉ ዋጋ ወደቀ፤ መኖው ግን አይጾምም። መኖው የሚገዛው ከከተማ ስለሆነ እንቁላሉን ወደ ከተማ የሚወስደው አባቴ ሆነ፤ ገንዘቡም በአባቴ ኪስ ገባ። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ገንዘቡ ትልቅ ሆኖ ሲታየው የትልቅ ገንዘብ ሥራ ሰጠው፤ ማዳበሪያ ገዛበት። እናቴ ከዚያ ወዲህ ለጨው እንኳ ብትፈልግ የምትጠይቀው ሰው አገኘች። ቀድሞ አትጠይቅም ነበር።

ሰኔ ገባ። ቄቦቹ በጫጩትነታቸው ስለ ተከተቡ ለዘለቄታው ይበቃቸዋል ብዬ ነበር፤ ክትባቱ መደገም እንዳለበት አላስተዋልሁም። ፈንግል በመንደሩ ገባ። አንገታቸው እየተጠማዘዘ፣ እያቃሰቱ፣ አረንጓዴ እያስቀመጣቸው በስድስት ቀን ውስጥ ከ20ው 17ቱ አለቁ። እኔ በሐምሌ ስደርስ ያገኘሁት ባዶ ቤትና የፈረሰ የጎመን መደብ ነው። በመስከረም ታናሽ እኅቴ ካምናው ደብተሮቿ የተረፈውን ባዶ ገጽ እየገነጠለች፣ በመርፌ ሰፍታ ትምህርት ቤት ገባች።

አንድ ቀን ማታ «እማዬ፤ ለምን ያን ጊዜ አልተናገርሽም?» ብዬ ጠየቅኋት። እንዲህ ስትል መለሰችልኝ፤ «ልጄ፤ አንተ ስለ ዶሮ ተምረሃል። ስለ ዶሮዎቼ ግን ማን ጠየቀኝ?»

ይህን ካለች በኋላ ወጥታ ከጎረቤት አንዲት ገብስማ ዶሮ ታቅፋ ተመለሰች። የቀሩት ሲሸጡ እርሷን በአደራ አስቀምጣት ኖሯል። ከፈንግሉም በዕድል ተርፋለች። ዛሬ በቤታችን ያሉት ዶሮዎች ሁሉ የዚያች የገብስማ ልጆች ናቸው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ «የድሮው ሁሉ ደግ፣ የአዲሱ ሁሉ ክፉ ነው» የሚል ትምህርት እንዳታወጡልኝ እለምናችኋለሁ። እንደዚያ ማለትም ሌላ ስንፍና ነው። ፈንግል ያገርን ዶሮ አይምርም፤ እናቴም በሕይወቷ ብዙ ጊዜ ቆጧ ባዶ ሆኖ አይታለች። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች እኩሌታው ያህል ሁለት ወር ሳይሞላው በጭልፊት፣ በሽለመጥማጥ፣ በብርድና በበሽታ ማለቁ የተለመደ ነው። ይህን መልመድ የለብንም።

ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። እንቁላል የምትጥል ዶሮ ያላት እናት እንቁላሉን ለሕፃኗ አታበላም፤ ትሸጠዋለች። ደብተር ወይስ እንቁላል? ለትልቁ ልጅ ወይስ ለትንሹ? ይህን ፍርድ በየሳምንቱ ብቻዋን ትፈርዳለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከ100ው 37ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። እኛ በደብተሩ አድገን እዚህ ደርሰናል፤ እንቁላሉ የቀረበት ታናሽ ወንድማችን ግን ከዚያው አለ። ስለዚህ የጓሮው ዶሮ መብዛቱና የጎመኑ መደብ መስፋቱ ተራ ነገር አይደለም። ከጎመኑ ቅጠልና ከእንቁላሉ የሚገኘው ቪታሚንና ገንቢ ምግብ በገንዘብ ተገዝቶ ወደዚያ መንደር የሚደርስ አይደለም፤ ወይ ከጓሮ ይገኛል፤ ወይ አይገኝም።

ታዲያ ምን እናድርግ? በበኩሌ ሦስት አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ከሁሉ በፊት የዶሮዋን ባለቤት እንጠይቅ። ወደ ቤታችን ስንሄድም ሆነ ነገ በሥራ ዓለም ወደ ሰው መንደር ስንላክ፣ የምናነጋግረው መደቡ ላይ የተቀመጠውን ብቻ አይሁን፤ ቡና የምታፈላዋንም ይሁን። ማንኛውም አዲስ አሠራር «ገንዘቡ በማን እጅ ይገባል?» ተብሎ ይመርመር። ምርቱ ሲበዛ ባለቤቱ የሚለወጥ ከሆነ ለደብተር የሚሆነው ገንዘብ ሊጠፋ ይችላል። እኔ እንቁላሉን አብዝቼ ደብተሩን ያጠፋሁ ሰው ነኝና ምስክር ነኝ።

ሁለተኛ፤ ከዘሩ በፊት ክትባቱ ይቅደም። የፈንግል ክትባት አለ፤ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ይሠራል። ለመንደር የሚስማማው፣ መጀመሪያ በአውስትራሊያ የተዘጋጀውና ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ የሚታገሠው አይ-ቱ የተባለው ክትባት በዶሮዋ ዐይን አንድ ጠብታ በማድረግ ይሰጣል፤ በየአራት ወሩ ግን መደገም አለበት። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ መሆኑ ነው። ዘጠኝ ዶሮ ያላት ሴት ብቻዋን ልትገዛው አትችልም፤ ከተከፈተ በኋላም ሊቀመጥ አይችልም። እንግዲህ የሚያስፈልገው ጎረቤቶች ባንድ ቀን ዶሮዎቻቸውን ይዘው የሚሰበሰቡበት ዘዴ ነው። ለዕድርና ለማኅበር የሚሰበሰብ ሕዝብ ለዚህ የማይሰበሰብበት ምክንያት የለም። ባለፈው ዓመት በመንደራችን ይህን ሞክረነዋል። በቀበሌው ካለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግረን፣ ሴቶቹ ማታ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ ይዘው አሳድረው፣ ማለዳ ለጠብታው አመጧቸው። የእኔ ሥራ ክንፍ ይዞ መቆምና ቀኑን መጻፍ ብቻ ነበር። የጠሪዋ ሥራ የእናቴ ነበር፤ እኔ ብጠራቸው አይመጡም ነበር።

ሦስተኛ፤ ያላትን ሳናስጥላት እንጨምርላት። ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጠለሉበት ከሸምበቆ የተሠራ ጉሮኖ፣ ሽለመጥማጥ የማይገባበት የሌሊት ማደሪያ፣ ከማጀት ከሚተርፈው ጥሬ ለጫጩቶች ተለይቶ የሚሰጥ እፍኝ፤ እነዚህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ግማሹን ጫጩት ከሞት ያዳነ ሰው የዶሮውን ቍጥር ዘር ሳይለውጥ አበዛ ማለት ነው። የተሻለ ዘር የፈለገችም ሁለት ወይም ሦስት ከነባሮቹ ጎን ታኑርና ትሞክር፤ ነባሮቹን ግን አትሽጥ። ሊቃውንቱም ቢሆኑ ይህን እያስተዋሉ መጥተዋል፤ የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ የሆሮን ያገር ዶሮ እየመረጠ በማራባት የማሻሻል ሥራ ሠርቷል። ያገር ዘር መሻሻል የሚችል ሀብት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ክቡራን መምህራን፤ ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን ከእናታችን ጓሮ አንድ ገጽ ጽፈን እንድንመለስ እዘዙን። ምን ትተክላለች? መቼ ታሳቅፋለች? ስንት ተፈልፍሎ ስንት ያድጋል? ገንዘቡ በምን ላይ ይውላል? ከየአካባቢው የመጣን ስለሆንን ከጥቂት ዓመት በኋላ በማንም መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ዕውቀት በእጃችን ይገኛል። ባለፈው ክረምት እኔ የእናቴን ጽፌአለሁ፤ አራት ገጽ ሆነ። ጽፌ ሳነብላት ሁለት ቦታ ላይ አረመችኝ።

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ስለ ቤታችን ሁኔታ ልንገራችሁ። የጎመኑ መደብ እንደገና ተተክሏል፤ ለውጭዎቹ ዘር የሠራሁት ቤት የጫጩት ማደሪያ ሆኗል። ዶሮዎቹ አሥራ አንድ ደርሰዋል። አባቴ አሁንም እንቁላል ወደ ከተማ ይዞ የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ሲመለስ ግን ገንዘቡን ለእናቴ ይቈጥርላታል። ታናሽ እኅቴ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ደብተሮቿም አዲስ ናቸው።